በፕላኑ ላይ ውሻ የለም

እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ማረፍ የቻለው፣ እኔ እስከሚገባኝ ድረስ፣ አራሚ ጎረቤት ስላልነበረው ነው። ቢኖረው ኖሮ እስከ ዛሬ የቀጭኔን አንገት እየለካ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጀመሪያ ሲታሰብ ከዚህ ያጥር ነበር» እየተባለ፣ ሰባተኛው ቀን ገና ባልደረሰ። እኛ እንደ ፈጣሪ ዕድለኞች አይደለንም። የትም ሰፈር ሂዱ፣ የትም መሥሪያ ቤት ግቡ፣ አንድ አራሚ ተመድቦላችኋል። ሠርግ ላይ የሙሽራዋን ዕድሜ ያርማል፤ ቀብር ላይ የሟቹን። በቼክ አገር ላለችው ለጄቺን ከተማ የሞዴል ሠሪዎች ማኅበር የተመደቡልን ክቡር ኢንጂነር ኦቶማር ቫኒቼክ ናቸው።

ማኅበራችን ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ፣ «ወርቃማው መልህቅ» በሚባለው ቢራ ቤት የጓሮ ክፍል ይሰበሰባል። ዘጠኝ ሰዎች ነን። ሥራችን ትልቁን ነገር ሰባ ሁለት ጊዜ አሳንሶ መሥራት ነው። ይህን የሰማች እናቴ «ትልቁን መሥራት ስላቃታችሁ ነው?» ብላኛለች።

የፕላስቲክ ሞዴል በሳጥን ይገዛል፣ ይገጣጠማል። ፕላስቲክ ግን ወፍራም ነው፤ እንደ ፀጉር ልቅጠን ቢል ይሰበራል። ስለዚህ መሰላሉ፣ የመርከቡ አጥር፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር፣ ከወረቀት በሳሳ የናስ ሉህ ላይ በአሲድ እየተበላ ይወጣል። አንተ ያንን በምላጭ ትቆርጣለህ፣ በእሳት ታለሰልሳለህ፣ በሁለት ምላጭ መሃል ይዘህ ታጥፋለህ፣ የተረፈውን ጫፍ በሞረድ ትበላዋለህ፣ ከዚያ በመርፌ ጫፍ በነካ ሱፐር ግሉ ትለጥፈዋለህ። ቀና ስትል አውራ ጣትህ ላይ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። እኔ ራዲም፣ የከተማ አውቶቡስ ነጂው፣ መሪ ለመጨበጥ በተፈጠሩ ጣቶቼ ይህን ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከሞዴሎቼ ይልቅ የእኔ ቆዳ ብዙ ናስ ሳይለብስ አልቀረም።

ኢንጂነሩ ግን ሌላ ናቸው። ገብተው ኮታቸውን ይሰቅሉና ከቆዳ ቦርሳቸው የቬልቬት ጨርቅ አውጥተው ይዘረጋሉ። በላዩ ላይ ሦስት ወረንጦ፣ ሁለት ፒንሳ፣ አንድ የሰዓት ሠሪ ሞረድ እንደ ቀዶ ጥገና ዕቃ ይደረደራሉ። ማጉያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ያስራሉ። ከዚያ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ናስ በወረንጦ ያነሡና ያውጃሉ፦

«አትተንፍሱ!»

እንግዲህ አይተነፈስም። የእኛ ጠረጴዛ ብቻ አይምሰላችሁ፤ በሩ ክፍት ከሆነ በፊት ለፊቱ ክፍል ካርታ የሚጫወቱትም አይተነፍሱም። የቢራ ቤቱ ባለቤት ጉንፋን የያዘው ሰሞን ከገዛ ቤቱ ተባርሮ ደጅ ሲያስነጥስ አምሽቷል።

ለሁሉም ሰው «እርስዎ» ነው የሚሉት። ከጎናቸው በተቀመጥኩባቸው አሥራ አራት ዓመታት አንድ ቀን አምልጧቸው «አንተ» ብለውኝ አያውቁም። ሾርባቸው ውስጥ የገባችን ዝንብ «እባክዎ ይውጡ» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ክፋታቸውም እዚህ ላይ ነው፦ ሲሰድቡህ ስድብ አይመስልም። «ይቅርታ ያድርጉልኝና» ብለው ይጀምራሉ፤ ይቅርታውን ካደረግህላቸው አለቀልህ።

አባቴ ይነዳት የነበረችውን የወተት መኪና አንድ ክረምት ሙሉ ስሠራ ከርሜ ለማኅበሩ አቀረብኩ። ሰው ሁሉ አደነቀ። ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አወረዱ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አቶ ራዲም፣ የበሩን እጀታ ገልብጠው ነው የለጠፉት።»

«ኢንጂነር፣ እጀታው እኮ የጤፍ ቅንጣት ነው የሚያክለው።»

«ልክ ነው። ግን በዚህ በር የገባ ሰው መውጣት አይችልም።»

«ማንም አይገባም!»

«አባትዎ ገብተዋል፤ ይኸው መሪው ጋ አስቀምጠዋቸዋል» አሉና በሐዘን አንገታቸውን ነቀነቁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ እጀታውን ነቅዬ አባቴን አስፈታሁት።

ሊቀመንበራችን ቦሌስላቭ፣ የግብር ቢሮ ሠራተኛው፣ አንድ ጊዜ ከወረንጦው የአውሮፕላን ማርሽ አመለጠውና ማርሹ «ፒን!» ብሎ ጠፋ። ኢንጂነሩ በሩን አስዘጉ። ወለሉን በጠመኔ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርገው ከፋፍለው ለእያንዳንዳችን አንዳንድ አደሉን። ጫማ ተፈተሸ፤ የሱሪ እግር እጥፋት ተገለበጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በጉልበታችን ስንድህ ቆይተን ተስፋ ስንቆርጥ፣ ቦሌስላቭ ለመጽናኛ ያዘዘውን በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቋሊማ ነከሰና «ወይኔ ጥርሴን!» ብሎ ጮኸ። ኢንጂነሩ ማርሹን ከአፉ ተቀብለው በመሐረብ ጠረጉና በማጉያው አዩት። «ኮምጣጤው አጽድቶታል። አሁን ይለጥፉት» አሉ።

አውቶቡሴ ላይ ሲሳፈሩ ስንት ሰከንድ እንደዘገየሁ ይነግሩኛል። እንጉዳይ ለቀማ አብረን ብንሄድ የጫካውን ካርታ ያርማሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቭላስታ እንዳጫወተችኝ፣ በሠርጋቸው ቀን ማዘጋጃ ቤት ቆመው «አዎ» ከማለታቸው በፊት የጋብቻ ውሉ ላይ የጎደለች ነጥብ አስጨምረዋል። «ያን ጊዜ ነበር መሮጥ የነበረብኝ» ብላኛለች ወይዘሮ ቭላስታ፤ «ግን ጫማዬ ጠባብ ነበር።»

የኢንጂነሩ ዘውድ «ሉድሚላ» ናት። ሉድሚላ በላቤ ወንዝ ላይ የጭነት ጀልባዎችን ስትጎትት ኖራ፣ አርጅታ፣ ተቆራርጣ ብረቷ ከተሸጠ ዘመን የሆናት ጎታች ጀልባ ናት። ኢንጂነሩ ዕድሜ ልካቸውን በመርከብ መሥሪያ ንድፍ ክፍል ነው የሠሩት። ጡረታ ሲወጡ ከዋናው ፕላን ላይ እያዩ የሉድሚላን የናስ ሉህ ነደፉ፤ አንድ ትንሽ ወርክሾፕም በአሲድ ያወጣላቸው ጀመር። በመላ ቦሄሚያና ሞራቪያ ሉድሚላን የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያጥፈው የእሳቸውን አጥር ነው። የራሳቸው ሉድሚላ በክልሉ ውድድር ወርቅ አግኝታ፣ በጓሮ ክፍላችን መስታወት ሳጥን ውስጥ ቆማ ነበር። ሳጥኑ ላይ «እባክዎ አይንኩ» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «አይደገፉም» ይላል።

ባለፈው መኸር ድራሆሚራ መጣች። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ ሃምሳ ዓመቷ፣ ድምፅዋ ሦስት መቶ ልጅ ለማሰለፍ የተሠራ። የሉድሚላን የናስ ሉህ በኬክ መያዣ ይዛ ገባችና «ይሄን ማጠፍ እፈልጋለሁ፤ የት ልቀመጥ?» አለች። ሞዴል ሠርታ አታውቅም። እኛም ተያየን፤ ጀማሪ በመጀመሪያው ሰዓት እንዴት እንደሚያለቅስ እናውቃለን። እሷ ግን ምላጯን አንሥታ፣ ትንፋሿን ሳትይዝ፣ እንዲያውም እያንጎራጎረች፣ ባለ ሦስት ዘንግ አጥሩን ከሉሁ ቆርጣ ቀጥ አድርጋ አጠፈችው። ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አወረዱ፣ አነሡ፣ እንደገና አወረዱ።

«ማን አስተማረዎት፣ ወይዘሮ?»

«የገና ብስኩት።»

«ይቅርታ?»

«እናቴ የጨረቃ ብስኩቷ ከትንሿ ጣት ጥፍር በልጦ ከተገኘ ለውሻ ነበር የምትሰጠው። ናስ ቢያንስ አይፈረፈርም።»

በዚያ ቀን ያረሙት ነገር አልነበረም። ልብ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ፤ ሲወጡ ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰው ነበር።

ጸደይ ላይ የዓመቱ ትርኢታችን በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ተካሄደ። የመርከቦች ዋና ዳኛ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ኢንጂነር ቫኒቼክ። የድራሆሚራ ሉድሚላ በጠረጴዛው መካከል ቆማለች፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ውሃ ላይ ብታኖራት ትንሳፈፋለች። እኔ ወርቅ ነው ብዬ ጨርሼ ነበር። ኢንጂነሩ በሩብ ሰዓት ዞረው አዩና የፍርድ ወረቀቱን አስቀምጠው አለፉ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በግራ ጎን፣ ከኋላ፣ ስምንት ሚሊሜትር አጥር ጎድሏል። ምክንያት፦ ቸልተኝነት። ቅጣት፦ ስምንት ነጥብ።»

ድራሆሚራ ወረቀቱን አነበበች። ከዚያ አዳራሹን አቋርጣ ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ቸልተኝነት የሚባለው የማን ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወይዘሮ፣ እኛ ሥራን እንጂ ሰውን አንዳኝም። አጥሩ ጠፍቷል።»

«አልጠፋም። መጀመሪያውንም አልነበረም።»

«ነበረ። ፕላኑን አውቀዋለሁ።»

«አባቴ ነው በብረት መጋዝ ቆርጦ ያወጣው። አባቴ የሉድሚላ ካፒቴን ነበር። ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ እዚያ ላይ ነው ያደግኩት። ሲቆርጠው አጠገቡ ቆሜ ነበር።»

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አነሡ። ከዚያ «ለምን ብለው ነው የሚቆርጡት?» አሉ፤ አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሚስማር ሲነቅል እንዳዩ ሁሉ።

«አዞር በዚያ እንዲገባ።»

«አዞር ማነው?»

«ውሻችን። ከወንዙ ዳር ዘሎ ሲገባ አጥሩ ሆዱን እየመታው ነበር።»

የእሳት አደጋው አለቃ ቋሊማውን እንደያዘ ቀረ።

«ወይዘሮ» አሉ ኢንጂነሩ፣ ለስለስ ብለው፣ «በፕላኑ ላይ ውሻ የለም።»

«በፕላኑ ላይ አባቴም የለም!» አለች ድራሆሚራ፣ ሦስት መቶውን ልጅ በሚያሰልፈው ድምፅ። «ጀልባዋ ግን ብቻዋን ወንዝ አልወረደችም!»

ሞዴሏን ኬክ መያዣው ውስጥ ከታ፣ ክዳኑን ዘግታ ወጣች። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። የኢንጂነሩ ጆሮ እንደ ቀይ ሥር ቀላ። ፍርዱን ግን አልለወጡም።

ሐሙስ ድራሆሚራ ፎቶ ይዛ መጣች። ጥቁርና ነጭ፣ ጥጉ የተቀደደ። የሉድሚላ የኋላ ጎን ይታያል፤ አንዲት አራት ዓመት የምትሆን ልጅ በሹራብ ተጠቅልላ ቆማለች፤ በአጥሩ መካከል ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ ውስጥ አንድ ውሻ ግማሽ አካሉ ጀልባ፣ ግማሹ አየር ላይ። ኢንጂነሩ ፎቶውን በማጉያ ሲመለከቱ ቢራችን ሞቀ።

«ፎቶው ተገልብጦ ታትሞ ሊሆን ይችላል» አሉ በመጨረሻ።

ድራሆሚራ ጣቷን በጀልባዋ ስም ላይ አደረገች። «ሉድሚላ» ይላል፤ ቀጥ ብሎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ።

ኢንጂነሩ ተነሡ። ወረንጦዎቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ጨርቁ መለሱ። ኮታቸውን ለበሱ፣ ወደ መስታወት ሳጥኑ ሄደው የወርቅ ሉድሚላቸውን አወጡና ብብታቸው ሥር አድርገው «ደህና እደሩ» ብለው ሄዱ። ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ነበር አረማመዳቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም። መደበቅ ምን ያደርጋል፣ በዓል ነበር። እንደልባችን ተነፈስን። ቦሌስላቭ የአብራሪውን ወንበር ፊቱን ወደ ጅራቱ አዙሮ ለጠፈና ማንም ምንም አላለውም። እኔ ቀለም ስላለቀብኝ የወታደር መኪና ሰማያዊ ቀባሁ። ሁለተኛው ሐሙስ ማንም ወረንጦ አላነሣም፤ ካርታ ተጫወትን። ሦስተኛው ሐሙስ አራት ሰው ብቻ መጣ። ሰማያዊ መኪናዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ምን እንደምጠብቅ አላወቅኩም። «ቆንጆ ነው» አለኝ ቦሌስላቭ ሳያየው። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ድራሆሚራ ተጨማሪ ፎቶዎች ይዛ ነበር የመጣችው፤ ሁለት ፖስታ ሙሉ። «ያ ሰውዬ ሞተ እንዴ?» አለች። «እኔ ለጸብ ተዘጋጅቼ መጥቼ፣ ከማን ጋር ልጣላ? ከእናንተ ጋር?» አየችን። እኛም ራሳችንን አየን። «ራዲም፣ አንተ ሾፌር አይደለህ? ሂድና እየው።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ወይዘሮ ቭላስታ በሩን ከፍታ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እጄን ያዘችኝ። «አቶ ራዲም፣ ይህን ሰው ይውሰዱልኝ። ለአንድ ሳምንት ብቻ።» የእንግዳ ነጠላ ጫማ ሰጠችኝና ወደ ማዕድ ቤት መራችኝ።

ያኮረፈ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር። ያገኘሁት ግን መርማሪ ነው። የምግብ ጠረጴዛው በወረቀት ተሸፍኗል። ኢንጂነሩ የአረጋውያን መኖሪያ ሄደው ሉድሚላ ላይ የሠሩ ሁለት የቀድሞ መርከበኞች አግኝተዋል፤ ቃላቸውንም ጽፈው አስፈርመዋል። «አንደኛ ምስክር፦ ውሻው ጥቁር ነበር፣ ይናከሳል። ሁለተኛ ምስክር፦ ቡናማ ነበር፣ አይናከስም፤ አንደኛውን ምስክር ብቻ ነው የነከሰው።» የወርቅ ሉድሚላቸው መሃል ላይ ቆማለች። በግራ ጎኗ፣ ከኋላ፣ ስምንት ሚሊሜትር አጥር ተቆርጧል። የተቆረጠውም ናስ አጠገቧ፣ በትንሽ ሳህን ላይ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ ተቀምጧል።

«ወርቁን በሐሰት ነው የወሰድኩት» አሉ ኢንጂነሩ።

«ኧረ ኢንጂነር! ስምንት ሚሊሜትር እኮ ነው።»

«መቶ አርባ» አሉ። «መቶ አርባ ሉህ ተሽጧል። በእኔ ምክንያት መቶ አርባ ሰዎች ቤት ውስጥ ውሻ ደጅ ቀርቷል።»

ለሁሉም ደብዳቤ እየጻፉ ነበር፣ በእጅ። ወይዘሮ ቭላስታ ቴምብር ትለጥፋለች። አንዱን አነበብኩት፦ «የተከበሩ ሞዴል ሠሪ፣ በእኔ ጥፋት በጀልባዎ ግራ ጎን ስምንት ሚሊሜትር አጥር ያለ አግባብ ይገኛል። እባክዎ ይቁረጡት። በታላቅ አክብሮትና ሐፍረት፣ ኦ. ቫኒቼክ።» አራት መልስ መጥቷል። አንዱ ከኦስትራቫ ከተማ ነው፦ «ሞዴሉን ለልጅ ልጄ ሰጥቼው ገንዳ ውስጥ አስምጦታል፤ በሰላም ልቀመጥ።»

ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

«ያቺን አጥር በዋናው ፕላን ላይ የነደፍኳት እኔ ነኝ» አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። «የእውነተኛዋን። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራዬ። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ መርከብ ነድፌያለሁ። አንዷም ላይ ወጥቼ አላውቅም። ውሃ ላይ ያዞረኛል፤ ከድልድይ ላይ ወንዙን ሳይ እንኳ ያስመልሰኛል። እና ሁልጊዜ፣ ፕላኑን አስረክቤ ስወጣ፣ መርከቧ እንደዚያው ሆና የምትኖር ይመስለኝ ነበር። ሰው ቤቱን አድርጓት፣ ልጅ አሳድጎባት፣ መጋዝ አንሥቶ...» አልጨረሱትም። «ግን ካፒቴኑ ልክ ነበሩ። ሃምሳ ስምንት ሴንቲሜትር ለውሻ ይበቃል። እኔ ብሆን ሃምሳ አምስት ነበር የምነድፈው፤ ጎኑን ይመታው ነበር።»

ከዚያ ሌላ ወረቀት ሳቡና፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ባላየሁባቸው ፍርሃት፣ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። አዲሱ የናስ ሉህ ንድፍ ነው። አጥሩ ክፍተት አለው። በጥጉ ላይ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ አንድ አራት እግር ያለው ነገር ተነድፏል።

«እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ይመስላል?»

«እውነቱን?»

«እውነቱን።»

«ፍየል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተነሥተው ቁም ሣጥኑን ከፍተው የፕሪም አረቄ አወጡ፣ ሁለት ትንንሽ ብርጭቆ ቀዱ። አንዱን ሰጥተውኝ በቁማቸው፣ ተረከዛቸውን ገጥመው፣ «ኦቶማር» አሉኝ።

በእኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ታላቅ ሰው ብርጭቆ ይዞ ስሙን ሲነግርህ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ በለኝ» ማለቱ ነው። ስማቸውንማ አሥራ አራት ዓመት አውቀዋለሁ። ቢሆንም ብርጭቆዬን አነሣሁና «ራዲም» አልኩ። ጠጣን። ከዚህ በታች ባለው ጽሑፍ «እሳቸው» ስለማትገኝ አንባቢ እንዳይፈልጋት፤ እዚያ ማዕድ ቤት ቀርታለች።

ሐሙስ ኦቶማር መጣ። ወረንጦውን ሳይዘረጋ ቆመና ከወረቀት ላይ አነበበ፦ የወይዘሮ ድራሆሚራ ስምንት ነጥብ ይመለስላት፤ የእሱ ወርቅ ይሰረዝ።

«ኧረ እንዲህ ያለ ደንብ የለንም!» አለ ቦሌስላቭ።

«አለ። አንቀጽ አሥራ አራት።»

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ።»

ቦሌስላቭ ደንቡን አስፈልጎ አገላበጠ። አንቀጽ አሥራ አራት አለ፤ «የተሳሳተ ዳኛ» ይላል። በማኅበሩ ታሪክ ያነበበው ሰው አልነበረም፤ እንደሚያስፈልግ ያሰበም አልነበረም፣ ከጻፈው በቀር። ኦቶማር ሜዳሊያውን ከኪሱ አውጥቶ ድራሆሚራ ፊት አኖረው። እሷ በሁለት ጣቷ ገፋችው።

«እኔ ሜዳሊያ ምን ያደርግልኛል? ሹካ አይሆን ማንኪያ አይሆን። ይልቅ ራዲም የነገረኝን አዲሱን ሉህ ያሳዩኝ።»

ወርክሾፑ ለሙከራ ያወጣውን አዲሱን ሉህ ሰጣት። ማጉያውን ተቀብላ ወደ ጥጉ ተጠጋች። እኔ ቢራዬን ጨበጥኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዞር ነው፣ ወይዘሮ።»

«ይሄ ፍየል ነው።»

«እንደዚያ የሚል አስተያየት ደርሶኛል» አለ ኦቶማር፣ ወደ እኔ ሳያይ።

«ጅራቱ ግማሽ ነበር፤ የገመድ መጠቅለያው ወስዶታል። ደግሞ ግራ ጆሮው ወደቅ ያለ ነበር።»

ኦቶማር እርሳሱን አወጣ። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር በአሥራ አራት ዓመት አላየሁትም ነበር፤ አራሚ ሆኖ ኖሮ በመጨረሻ እሱን ራሱን የሚያርም ያገኘ ሰው ፊት ነው። «ግራ ሲሉ» አለ፣ «በውሻው በኩል ነው ወይስ በተመልካቹ?»

«በውሻው!»

«ሲገባ ወይስ ሲወጣ?»

«ውሻው ሲገባም ሲወጣም ግራው ግራ ነው፣ አንቱ ሰውዬ!»

ያዘዙት ጉላሽ፣ የሥጋ ወጣቸው፣ ደረቀ። ድራሆሚራ ፖስታዎቿን ከፈተች። የጭስ ማውጫው ቀለበት ሁለት ሳይሆን ሦስት ነበር። መሰላሉ ላይ አንድ መርገጫ ታጥፎ ነበር፤ እናቷ እርጉዝ ሆና ስትወርድ የተቀመጠችበት ነው። ኦቶማር እያንዳንዱን ይጽፋል፤ አንዳንዴ ይከራከራል፤ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ፤ ሁለት ጊዜ አሸነፈ። ሁለቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንድ ጠረጴዛ ነው የሚቀመጡት። «እርስዎ» እየተባባሉ የሚጣሉትን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይምጣና ይስማ።

ባለፈው ሐሙስ ኦቶማር ወገቡን ይዞት ቀረ። እኔ ደግሞ በዚያው ሐሙስ ከመኸር ጀምሮ ስሠራው የነበረውን የእሳት አደጋ መኪና ጨርሼ አቀረብኩ፤ ሙሉ መሰላሉ ከናስ፣ ሃያ ስድስት መርገጫ፣ በእነዚህ ጣቶች። ቦሌስላቭ «ግሩም ነው» አለ። ሌሎቹ አጨበጨቡ። ድራሆሚራ ራሷ «እኔ መኪና አላውቅም፤ ግን ደስ ይላል» አለች። አመሰገንኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ቢራዬን ግማሹን ተውኩት።

አርብ ከሥራ ስወጣ መኪናውን በጫማ ሳጥን ውስጥ አድርጌ፣ በማልነዳው አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ሳጥኑን ጭኔ ላይ በሁለት እጄ ይዤ፣ ሾፌሩ በየጉድጓዱ ሲገባ በልቤ እየረገምኩት። ወይዘሮ ቭላስታ ነጠላ ጫማ ሰጠችኝ። ኦቶማር አልጋ ላይ በትራስ ተደግፎ፣ የሙቅ ውሃ ጎማ ጀርባው ሥር አድርጎ ተኝቷል። ሳጥኑን ሲያይ ቀና ልበል ብሎ «ወይ ወገቤ!» አለ፤ ግን ቀና አለ። ማጉያውን አስሮ መኪናውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ሃያ ደቂቃ ያህል አየው። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሥር።

«አሥራ አንድ ስሕተት» አለ።

ወንበር ስቤ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ከመጀመሪያው ጀምር» አልኩት።